ስለ ሄንሪ ቲልኒም ይጻፍ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ቀደምት የፍቅር ልብ ወለዶች በተጻፈ ቁጥር የሚወደሰው ኩሩውና ፊቱን የማይፈታው ጀግና ነው። የጄን ኦስተን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» (Pride and Prejudice) ጀግና ሚስተር ዳርሲ ቦታውን ሁሉ ይዞታል። እባክዎ ለሄንሪ ቲልኒም ጥቂት መስመር ይስጡት።

ሄንሪ በጄን ኦስተን «ኖርዝአንገር አቤይ» ውስጥ የምናገኘው ወጣት ቄስ ነው። መጽሐፉ ደራሲዋ ካረፈች በኋላ በ1817 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ታተመ። ሄንሪ የልብ ወለዱን ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ወጣቷን ካትሪንን፣ ገና በተዋወቁበት ምሽት ያስቃታል፤ እርሷን ይዛት ከመጣችው ከወይዘሮ አለን ጋር ስለ ቀሚስ ጨርቅ ዋጋ ያወጋል፤ ሌሎች የሚንቋቸውን አስፈሪ ልብ ወለዶች በደስታ እንደሚያነብ ሳያፍር ይናገራል።

ጨዋታ አዋቂነት ብቻውን ግን ሰውን አያስወድድም። አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ልበ ደንዳና የሆነ ስንቱ አለ! የሄንሪ ልብ የሚታወቀው ካትሪን አባቱን በሚስቱ ገዳይነት መጠርጠሯን ሲደርስበት ነው። ይገሥጻታል፤ እርሷም እያለቀሰች ወደ ክፍሏ ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ ሲገናኙ ግን ነገሩን አያነሣባትም፤ እንዲያውም ከወትሮው ይበልጥ ይንከባከባታል። ያ ሁሉ የቀልድ ችሎታ እያለው፣ መሳለቂያ ሊያደርጋት እየቻለ፣ ዝም አለላት። እኔን የማረከኝ ይህ ዝምታው ነው።

ብዙ ያስተምራታል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ያበዛዋል። ነገር ግን አባቱ ልጅቷ ባለጸጋ አለመሆኗን ሰምቶ በእንግድነት ከተቀመጠችበት ቤቱ ያለ አጃቢ ሲያባርራት፣ የአባቱን ቁጣ ሳይፈራ እስከ ወላጆቿ ቤት ተጉዞ ለጋብቻ የጠየቃት ይኸው ቀልደኛ ሰው ነው።

አክባሪዎ፣
አንድ አንባቢ