ደብዳቤ ለልጄ፦ የሰርግሽን ወረቀቶች ልኬልሻለሁ

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ችግር የለም። ሰሞኑን ማታ ማታ ዝናብ እየጣለ ሙቀቱን ትንሽ አብርዶልናል።

ባለፈው እሑድ በስልክ የነገርሽኝን ሳሰላስል ሳምንት ሞላኝ። መልስ ሳልሰጥሽ የዘጋሁት ተቆጥቼ አይደለም። እናትሽ አጠገቤ ነበረች፤ ደግሞም እንዲህ ያለው ጉዳይ ተጽፎ ሲደርስሽ ደጋግመሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው።

ፍቺው ሰኔ ላይ በፍርድ ቤት ጸድቋል፤ የግሪን ካርድሽ ዘመን ደግሞ ኅዳር ላይ ያበቃል። የቀድሞ ባልሽም «አብረን እንደምንኖር አድርገን ቅጹን እንፈርም፤ ሦስት ዓመት ሲሞላሽ ለዜግነት ታመለክቻለሽ፤ ከዚያ በኋላ ሁላችንም በየመንገዳችን» ብሎሻል። ይህን ያለው ለአንቺ አዝኖ ሊሆን ይችላል። ክፉ ሰው ነው ብዬ አላውቅም። ግን ልጄ፣ እለምንሻለሁ፣ አትፈርሚ።

ጎረቤታችን ያለው የሕግ ባለሙያ ልጅ ሦስት ምሽት አብሮኝ ቁጭ ብሎ የቅጾቹን መመሪያ አንብቦ አስረድቶኛል። የአሜሪካ ዜጋ ያገባ ሰው በሦስት ዓመት ማመልከት የሚችለው ከባለቤቱ ጋር በትዳር አብሮ እየኖረ ከሆነ ነው። ትዳሩም ቃለ መሐላው እስከሚፈጸምበት ቀን ድረስ መጽናት አለበት። ማመልከቻው ገብቶ፣ ፈተናው ታልፎ፣ መሐላው ሲጠበቅ ፍቺ ቢመጣ እንኳ በዚያ መንገድ መቀጠል አይቻልም። ተደብድባ ወይም ተሰቃይታ የወጣች ሴት ሕጉ ሌላ መንገድ አበጅቶላታል። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰብኝም ብለሽናል። ለእኔ ለመናገር የከበደሽ ነገር ካለ ግን ለእናትሽ ንገሪያት፤ እኔ አልጠይቃትም።

ስለዚህ ለአንቺ የቀረሽ የአምስት ዓመቱ መንገድ ነው። እሱ ደግሞ ማንንም ባል አይጠይቅም። አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው በቋሚ ነዋሪነት ከገባሽበት ቀን፣ ከኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 22 ቀን 2023 መሆኑ ነው። በሁለት ዓመቱ ካርድ የኖርሽውም ጊዜ ይቆጠርልሻል። አምስቱ ዓመት ከመሙላቱ 90 ቀን ቀደም ብሎ ማመልከቻ ማስገባት ስለሚፈቀድ፣ በ2020 ዓ.ም. ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ በኋላ የዜግነት ማመልከቻውን፣ የኤን-400 ቅጽሽን ታስገቢያለሽ። በሦስት ዓመት ከሚሆነው ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ሁለት ዓመት ነው። ለሁለት ዓመት ብለሽ በሐሰት አትፈርሚ።

አሁን የሚያስቸኩለው የካርዱ ጉዳይ ነው። የሁለት ዓመት ካርድ የተሰጠሽ አገሩ ስትገቢ ትዳራችሁ ገና ሁለት ዓመት ስላልሞላው ነው። የተጋባችሁት ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር፤ ስትገቢ ሃያ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ሁለት ወር ዘግይተሽ ብትሄጂ ኖሮ የአሥር ዓመቱ ካርድ ይሰጥሽ ነበር። ያን ጊዜ ትኬቱ ቶሎ ይቆረጥ እያልኩ ያጣደፍኩሽ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

የሁለት ዓመቱን ካርድ ወደ ቋሚው ለማስለወጥ የሚሞላው የአይ-751 ቅጽ በመደበኛው አሠራር በባልና በሚስት የሚፈረም ነው። ትዳሩ በፍቺ ከፈረሰ ግን በጋራ የመፈረሙ ግዴታ እንዲነሳልሽ ጠይቀሽ ብቻሽን ታስገቢያለሽ። የፍቺው ውሳኔ በእጅሽ ስላለ ኅዳርን መጠበቅ አያስፈልግሽም፤ ነገም ማስገባት ትችያለሽ። የሚጠይቁሽ ትዳሩ ለምን ፈረሰ፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን አይደለም። የሚጠይቁት ስትጋቡ በቅን ልቦና፣ አብሮ ለመኖር አስባችሁ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከአንቺ የተሻለ መልስ ያለው ማን አለ?

ልቤን የሚያስጨንቀው ይኸው ነው። ትዳራችሁ እውነተኛ ነበር። እኔ ሽማግሌዎቹን ተቀብዬ አስገብቻለሁ፤ መርቄም ሰጥቻለሁ። መጨረሻው ላይ አንድ የሐሰት ፊርማ ብታኖሪበት፣ ያ ፊርማ ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመሪያውንም የሐሰት ያስመስለዋል። የዜግነት ማመልከቻሽን የሚያየው ሹም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ፋይል ይከፍታል። ሰኔ ላይ ተፋትታ ከዚያ በኋላ ባለትዳር ነኝ ብላ የፈረመች ሴት ሲያገኝ፣ የእውነቱንም ነገር አያምናትም። ዜግነቱ መከልከሉ ብቻ አይደለም፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል።

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁና ወረቀት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ የወረደ ጊዜ አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ። ያን ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ። ጎርፉ ሰውና ቤት ከወሰደ በኋላ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ሌላ ጉዳት መጣ፤ የሰዉ ወረቀት ሁሉ አብሮ ሄዶ ነበር። አንዲት ሴት ባሏ በጎርፉ የሞተባት ሚስቱ መሆኗን የምታስረዳበት ነገር አጥታ ቢሮዬ በር ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። በመጨረሻ ያዳናት የሰርጓ ቀን ሙሽራዋን የኳለች ጎረቤቷና ድንኳን የተከለው ሰው መጥተው መመስከራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ የቤታችንን ወረቀት ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የማስቀምጠው። እናትሽ ስትስቅብኝ ኖራለች።

ሐሙስ ዕለት አወረድኩት። ክዳኑ ዝጎ በቢላ ነው የከፈትኩት። ከላይ ያገኘሁት በክብር መዝገብ ሹም ፊት የፈረማችሁበት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ከሥሩ የእናትሽ የሰርግ ደብተር አለ፤ የተጠራው ሰው ስም በሁለት ዓምድ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ደግሞ የሰጠው ስጦታ በእርሳስ ተጽፏል። በመጨረሻው ገጽ «ሙሸበክ ከመጋላ፣ ሦስት ትሪ» ይላል፤ የጣፋጩ ቅባት ዛሬም ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው። የአዳራሹ ደረሰኝ አለ። እሱ አንቺን ለማየት ሁለት ጊዜ ሲመላለስ የተወልን የአውሮፕላን ትኬት ቅሪት አለ። ደግሞ አንድ ፎቶ አለ፤ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቆማችሁ እሱ ሲያጎርስሽ አንቺ በሳቅ አፍሽን መክፈት አቅቶሽ ሽሮው ነጠላሽ ላይ ይፈሳል። ይህን ፎቶ ለረጅም ጊዜ ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን ያየ ሰው ለወረቀት የተደረገ ሰርግ ነው አይልም።

ሁሉንም ኮፒ አስነስቼ ዋናውን እዚህ አስቀርቻለሁ፤ ፎቶዎቹን ግን ዋናውን ነው የላክሁልሽ። አንቺ ደግሞ ከዚያ በኩል አብራችሁ የኖራችሁበትን የአሥራ አራት ወር የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳባችሁን መግለጫ፣ በጋራ ያስገባችሁትን የግብር ማስታወቂያና የኢንሹራንስ ወረቀት ጨምሪበት። እኔና ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ያየነውን በጽሑፍ መስክረን ፈርመናል። የፍቺውን ውሳኔ በፍርድ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ አውጪ። በአማርኛ ያለው ሁሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አለበት፤ ተርጓሚውም ቋንቋዎቹን እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ቀኖቹን ሲገለብጥ አጠገቡ ሁኚ። ጥር 14 ቀን 2014 የሚለው ጃንዋሪ 22 ቀን 2022 ነው። የእኛን ዓመት እንዳለ ገልብጠው በሁለት ሰነድ ላይ ስምንት ዓመት የሚለያይ ዕድሜ የወጣለት ሰው፣ ያንን ለማስተካከል ወራት ሲንከራተት አይቻለሁ።

የራስሽን ቃል ስትጽፊ አትፈሪ፣ አታሳምሪም ደግሞ። እንዴት እንደተዋወቃችሁ፣ ምን እንዳሰባችሁ፣ የት እንደተለያያችሁ ጻፊ። «አፈርኩ አባባ» ብለሽኛል። እኔና እናትሽ አላፈርንብሽም። ሐምሌ 19 ቁልቢ ሄደን የእሱን እናት አገኘናት። ከሩቅ ስታየን መንገድ ልትለውጥ ነበር፤ እናትሽ ሄዳ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ፤ ከዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ያመጣችውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠችን። አንቺን «ልጄ» እያለች ነው የጠየቀችኝ።

ሁለተኛው ያልሽኝ ነገር ወደ ቤት መጥቼ አንድ ዓመት ልረፍ የሚለው ነው። ይህን ስሰማ ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ክፍልሽ እንዳለ ነው። ግን አትችይም ልጄ። ከስድስት ወር በላይ ከአገር ከወጣሽ ነዋሪነትሽ ተቋርጧል ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ አንድ ዓመት ከሆነ ደግሞ ለዜግነት የቆጠርሽው ጊዜ ይቋረጣል። ከአምስቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል እዚያ መገኘት አለብሽ። ስለዚህ ለታኅሣሡ ቁልቢ ነይና አንድ ወር ተቀምጠሽ ተመለሽ። አንቺን ወደዚያ መልሼ መስደድ ለእኔ ቀላል ሆኖ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማወቅ ስላለብሽ ነው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የዜግነት ሕግ የውጭ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት በጋብቻው ካገኘች የራሷን ታጣለች ይል ነበር። ለኢትዮጵያዊ የተዳረች የውጭ ሴትም በጋብቻዋ ብቻ ኢትዮጵያዊት ትሆን ነበር። የባቡሩ ዘመን ድሬዳዋ ደግሞ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩ፣ የመኑ ተደባልቆ የሚኖርባት ከተማ ነበረች። የሴት ዜግነት ባሏን ተከትሎ ይሄዳል የሚባለውን ነገር ከሽማግሌዎች ብዙ ሰምቼ አድጌአለሁ። የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ግን ከውጭ ሰው ጋር መጋባት ዜግነትን አያስቀርም ይላል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ዜግነትሽ የሚቀረው አንቺ ራስሽ ወደሽ የሌላ አገር ዜግነት ስትወስጂ ነው። በ2021 ዓ.ም. እጅሽን አንስተሽ ስትምዪ ያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤትሽ የምትመጪው በትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ በቢጫው ካርድ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባሻል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራሻል፣ ግን አያስመርጥሽም፣ ለመመረጥም አያበቃሽም። ይህን ሳስብ ልቤ ትንሽ ይቆረጣል፤ አልደብቅሽም። ከሆነ ግን በራስሽ ዓመታት፣ በራስሽ ስም ይሁን። የአንቺ ውሳኔ ስለሆነ በእኔ በኩል ቅሬታ የለም።

ፖስታው ተልኳል። የሽማግሌዎቹ ምስክርነት ከላይ ነው፤ ፎቶዎቹ በካርቶን መሐል ናቸው፤ እንዳይታጠፉ ቀስ ብለሽ አውጪ። እሱ ሲያጎርስሽ በተነሳችሁት ፎቶ ጀርባ እናትሽ የጻፈችውን አልሰረዝኩትም፤ እሱንም አስተርጉሚው። የአይ-751 ደረሰኝ እጅሽ ሳይገባ ግን የታኅሣሡን ትኬት አትቁረጪ። ካርድሽ ኅዳር ላይ ካበቃ በኋላ ስትመለሺ አየር ማረፊያ ላይ ከካርዱ ጋር የምታሳዪው እሱን ነው።

አባትሽ