ፍሎሪን ሲወጣ ክሪስታሉም አብሮ እንዳይወጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ፍሎሪን ከአረብ ብረት ማፍሰሻ ዱቄት ጨርሶ ይውጣ የሚለውን የአንባቢ አስተያየት በጥሞና አነበብኩት። ፍሎሪን በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጥርስ ሲያበልዝ የምናውቀው ነው፤ በፋብሪካም ከቀለጠው ዱቄት በጋዝ መልክ እየወጣ ሠራተኛውን ይጎዳል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ አሲድ አድርጎ ማሽኑን ይበላል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በቦሮን ኦክሳይድ ቢተካ ጉዳዩ ያበቃል ማለታቸው ግን ዋናውን ነገር አስቷቸዋል።

1,500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚሞቀው ቀልጦ ያለ ብረት በውሃ በሚቀዘቅዝ የመዳብ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ያለማቋረጥ ሲወርድ፣ በላዩ የሚነሰነሰው ዱቄት ይቀልጥና በመዳቡና ገና ቆዳ በማውጣት ላይ ባለው ብረት መካከል ሰርጎ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ሽፋን ይሆናል። ከሞልድ የተነቀለ የሽፋኑን ስባሪ በእጄ ይዤ አይቻለሁ፤ በመዳቡ በኩል የነበረው ገጽ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ያብለጨልጫል፣ በብረቱ በኩል የነበረው ግን እንደ ኖራ የነጣ ነው። ነጩ ክሪስታል፣ ማለትም እንደ ብርጭቆ ሳይሆን ውስጡ በሥርዓት ተደርድሮ የጠጠረ ክፍል ሲሆን፣ የሙቀቱን ጨረር እየበተነና ሽፋኑ መዳቡን የሚነካበትን ገጽ እያሻከረ ሙቀቱ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ያደርጋል።

ካርቦኑ 0.1 በመቶ አካባቢ የሆነ ብረት ያለዚህ መዘግየት በደህና አይፈስም። ሲጠጥር ውስጣዊ አደረጃጀቱ ተለውጦ አብዝቶ ስለሚኮማተር ቆዳው ወጣ ገባ ሆኖ ያድጋል፣ ፈጥኖ ከቀዘቀዘም ይሰነጠቃል። ፍሎሪን የሚፈለገው ከካልሲየምና ከሲሊካ ጋር ከስፒዲን የተባለውን ክሪስታል ስለሚሠራ ነው። ቦሮን ኦክሳይድ የመቅለጫ ሙቀቱን እንደ ፍሎሪን ዝቅ ቢያደርግም ክሪስታል መፈጠሩን ይገታል፤ ሽፋኑም ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል።

ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ የመቅለጫ ሙቀቱና ሲቀልጥ የሚኖረው ቅጥነት ከቀድሞው ጋር እኩል ነው ተብሎ ዱቄት ተቀየረ። በወረቀት ላይ እውነት ነበር። በዚያው ፈረቃ የወጡት ስላቦች (ወፍራም ጠፍጣፋ የብረት ብሎኮች) ግን መሐላቸው ላይ በቁመታቸው ተሰንጥቀው ወጡ፤ ክሪስታሉን የለካ ሰው አልነበረም።

መለኪያው አለ። የቀለጠ የዱቄት ጠብታ በፕላቲነም ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ይቆይና በአንድ የሙቀት መጠን ላይ ነጭ ነቁጥ ያወጣል፣ ነቁጡም ጠብታውን ያጥለቀልቀዋል። ሶዲየም ኦክሳይድ ሲጨመርበት ነቁጡ ይፈጥናል፣ ቦሮን ሲጨመርበት ይዘገያል። ታይታኒየም ኦክሳይድ ከፍሎሪን ነጻ በሆነ ዱቄት ውስጥ የከስፒዲንን ቦታ የሚይዝ ሌላ ክሪስታል ይሰጣል፤ ከበዛ ግን ፔሮቭስካይት የሚባለው በቀላሉ የማይቀልጥ ክሪስታል ይፈጠርና ሽፋኑ የብረቱን ቆዳ በሞልዱ ላይ እንዲንሸራተት ማለስለሱ ይቀራል፣ ቆዳውም ከሞልዱ ጋር ተጣብቆ ይቀደዳል፣ የቀለጠውም ብረት ይፈስሳል። ለፌሮ የሚሆነው ትንንሽ ቢሌት (ቀጭን የብረት ዘንግ) ብዙ ጊዜ በዘይት እየተለሰለሰ ስለሚፈስ ይህ ጭንቀት የለበትም፤ የምናገረው ስለ ስላብ ነው።

ስለዚህ ካርቦኑ በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ብረት በቦሮን የተሠራውን ዱቄት ዛሬውኑ መሞከር ይቻላል። ለስንጥቅ ለሚጋለጠው ብረት ግን ዱቄት ገዢው ከመቅለጫ ሙቀቱና ከቅጥነቱ ጋር፣ ክሪስታሉ በስንት ዲግሪና በስንት ሰከንድ እንደሚጀምር በተለያየ የማቀዝቀዣ ፍጥነት ተለክቶ እንዲቀርብለት በግዥ ውሉ ላይ ያስገባ።

አንድ የብረታ ብረት መሐንዲስ