ማርም ያው ስኳር ነው፣ አባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባሕር ዳርም ደህና ናት፤ ሙቀቷ ብቻ አልተቻለም።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርዎት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ወሬው ወደ ምግብ ዞር ሲል "በይ ካርድሽን አትጨርሺ" ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። በዘጌ ጀልባ ይደርስዎታል። የሚያነብልዎት የእህቴ ልጅ ነው አሉ። አደራ፣ የማይጥምዎት ቦታ ሲደርስ እንዳያዘልሉት።

ነገሩን የነገረችኝ እህቴ ናት። ስኳር አለብዎት ከተባሉ ወዲህ ስኳሩን ከቡናዎ አውጥተው ማር አስገብተዋል። ጠዋት በባዶ ሆድ የግራዋ ጭማቂ ይጠጣሉ። ክኒኑን ደግሞ "ደህና ስሆን ምን ያደርግልኛል" እያሉ አንዳንድ ቀን ይተዉታል።

ከማሩ ልጀምር። ማር ጥሩ ነገር ነው፣ አልተጣላሁትም። ግን ከአምስት እጁ አራቱ ስኳር ነው፤ የቀረው አብዛኛው ውሃ። እንዲያውም ማር ከባድ ስለሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። በዚያው ማንኪያ የተሰፈረ ስኳር 12 ግራም ቢሆን ነው። "ንብ ከአበባ ያመጣችው አይጎዳም" ይላሉ አሉ። ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ማን እንዳመጣው የሚጠይቅ የለም።

የመራራውም ነገር እንደዚያው ነው። "ጣፋጭ ያመጣውን መራራ ይመልሰዋል" ሲባል ልክ ይመስላል። ጣፋጭና መራራ የሚጣሉት ግን ምላስ ላይ እንጂ ደም ውስጥ አይደለም። ስኳር በሽታ የሚመጣው ቆሽት የምታመነጨው፣ ስኳሩን ከደም የሚያነሳው ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊኑ አልታዘዝ ሲል ነው። ግራዋ ለጠላ ጋን ማጠቢያ ወደር የለውም፤ እዚያው ሥራው ላይ ይቆይ። አብሽ ላይ ግን አልከራከርዎትም። ያ የሚያሟልጨው ፋይበሩ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ትንሽ ያዘገየዋል። ይጠጡት፣ ማር ሳይገባበት። የክኒን ምትክ ግን አይሆንም።

የእርስዎን ምግብ ሐኪምነት እኔ በእግሬ አውቀዋለሁኮ። ፖሊዮ ሲይዘኝ ጎረቤቱ ሁሉ "ምች ነው" አለ። እርስዎ ከጠበሉም ከሐኪሙም ሌላ የራስዎን መንገድ ያዙ። ዘጌ እንደሆነ አይታረስባት፣ ከብት አይረባባት። ቡናና ጌሾ ጭነው ቅዳሜ ገበያ ይሻገሩና ቅልጥም ገዝተው ይመለሱ ነበር። "ይሄ ቀጭን እግር ይሞላል" እያሉ መቅኑን በማንኪያ ጫፍ አውጥተው ያጎርሱኛል። ስቡ ከንፈሬ ላይ ሲረጋ እስካሁን ይታወቀኛል።

እግሬ አልሞላም። ሊሞላም አይችልም ነበር። ፖሊዮ የሚገድለው ጡንቻውን ሳይሆን ጡንቻውን የሚያዘውን፣ ከአከርካሪ የሚነሳውን ነርቭ ነው። አዛዡ ሲሞት ጡንቻው ይሟሽሻል። መቅን ደግሞ አብዛኛው ስብ ነው። የአጥንት መረቅም የሚወራለትን ያህል ካልሲየም የለውም፤ ካልሲየም የፈለገ ወተቱን፣ ጎመኑን፣ የጤፍ እንጀራውን ይብላ። ይህን የምጽፈው ልወቅስዎት አይደለም። የተገኘውን ሁሉ አብልተው አሳድገውኛል። ያ ምግብ ወደ እግሬ ባይሄድም ወደ ክንዴ ሄዷል።

ስለ ክንዴ ካነሳሁ አይቀር፣ "ተቀምጦ ኳስ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?" ብለው ስቀዋል አሉ። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። ለዊልቸር ቅርጫት ኳስ ተብሎ ቅርጫቱ ዝቅ አይልም። ቆመው ለሚጫወቱት የተሰቀለበት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ላይ ነው። ኳሱን ጭን ላይ አድርጎ ጎማውን ሁለት ጊዜ መግፋት ይቻላል። ለሦስተኛው ካላነጠሩ ፊሽካ ይነፋል። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ጉዳቱ መጠን ከ1 እስከ 4.5 ነጥብ ይያዝለታል፤ ብዙ የተጎዳው ትንሹን ነጥብ ያገኛል። ሜዳ ላይ ያሉት አምስቱ ሲደመሩ ከ14 መብለጥ የለባቸውም። ከሕጎቹ ሁሉ ይሄኛው ደስ ይለኛል። አሠልጣኝ ጠንካራ ጠንካራውን ብቻ ልደርድር ቢል ሒሳቡ አይወጣለትም። የባሰ የተጎዳው ሰው በምጽዋት አይደለም የሚገባው፤ ያለ እሱ ቡድን አይሞላም።

ፍሬን የለንም። እየበረረ ያለውን ጎማ የምናቆመው በመዳፋችን ነው። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ በኋላ እርስዎ ታንኳ ይቀዝፉ በነበረ ጊዜ እንደነበረው መዳፍዎ ይደድራል። ወንበሩ ሲገለበጥ ተመልካቹ "ውይ!" ይላል። እኛ በቀበቶ ከወንበሩ ጋር እንደታሰርን ወለሉን በእጃችን ገፍተን እንነሳለን። ጎማ ሲፈነዳ ሳይክል ሠሪው ጋ ነው የምንወስደው። ባሕር ዳር የሳይክል አገር ስለሆነች በዚህ አልተቸገርንም። ከተማዋ ሜዳ መሆኗም ለዊልቸር ተመችቶናል፤ የእግረኛ መንገዱ ላይ የሚቆለለው አሸዋና ድንጋይ ባይኖር ደግሞ እንዴት በተመቸ!

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንዴት እንዳሸነፈ ሲያወሩልኝ ነው ያደግሁት። የኋላውን ግን አንድ ቀን አንስተውልኝ አያውቁም። መጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ታሪኩ እዚያ አላለቀም። በ1962 እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል በሚባል ቦታ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በዊልቸር ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ያ ማራቶን የሮጠው ሰውዬ በውሻ ጋሪ! ለእኔ ከሮሙ ይልቅ ይሄ ይገርመኛል።

የእኛ ዘመን ሰው ካሉኝም ትዕግስት ገዛኸኝ አለች። ነሐሴ 2013 ቶኪዮ ላይ፣ የማየት ችግር ባለባቸው ምድብ 1500 ሜትር ሮጣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። በ2016 ፓሪስ ላይ ደገመችው። "ምን ብትበላ ነው?" እንዳይሉኝ ብቻ።

የሚሉ አሉ መቼም። እኛም ቡድን ውስጥ የእርስዎ ቢጤ አለ። ግጥሚያ ሲኖር ጥሬ እንቁላል ወተት ውስጥ ሰብሮ ጭልጥ ያደርጋል፤ ጉልበት ይሰጣል ባይ ነው። ከጥሬ እንቁላል ሰውነት የሚያገኘው ፕሮቲን ግማሹን ያህል ብቻ ነው፤ ከበሰለው ግን ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያገኘዋል። ጥሬው ሆድ የሚያቃጥል ተቅማጥ ሊያመጣም ይችላል። ነግረነዋል፤ ሳቀብን። እኔ ከልምምድ በኋላ ጣና ዳር የተጠበሰ የቆሮሶ አሳ ነው የምበላው። ማታ ወተት እጠጣለሁ። "አሳና ወተት አንድ ላይ ለምጽ ያመጣል" ይሉኝ ነበር አይደል? ለምጽ የሚወጣው ሰውነት ራሱ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ሲያጠቃ ነው። አሳው የለበትም። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን አልነካውም፤ እሱን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይጨርሱት።

ከእሳቸው ጋር ሲገናኙ ሌላም ነገር ያንሱልኝ። ክኒን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል፤ ያኔ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ያስታል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም ታዝናለች። ስለ ክኒኑ ሰዓት ሐኪሙንም ይጠይቁ። በራስዎ ብቻ አይወስኑ።

እንጀራ አይከልከሉ። መጠኑን ቀነስ፣ ሽሮውንና ጎመኑን በርከት ያድርጉ። ቡናዎን ደግሞ እንዲሁ ይጠጡት። የዘጌ ቡና አብቅሎ ማር የሚጨምርበት ሰው እርስዎን አየሁ።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ማታ ማታ እግርዎን በፈላ ውሃና በጨው ይዘፈዝፋሉ አሉ። ይተዉት። ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ውሃው ሲያቃጥልዎት አይታወቅዎትም። ቁስሉ ደግሞ ቶሎ አይድንም፣ እየባሰ ሄዶ እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ፣ በጣቶችዎ መሃል በደንብ ያድርቁ፣ የእህቴ ልጅ በየማታው በባትሪ አብርቶ ይይልዎት። አንድ ቤት ውስጥ አንድ የእግር ጉዳይ ይበቃል።

ሽፍን ጫማ ገዝቼ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። ቡናው ውስጥ በባዶ እግርዎ እንዳይገቡ። ጠበብ ካለዎት ለጀልባው ልጅ መልሰው ይስጡት፣ ሱቁ ይቀይርልኛል። ለሐኪም ቀጠሮዎ ሲሻገሩ ደግሞ አንድ ቀን ጨምረው ይምጡ። ከሰዓት በኋላ ልምምድ አለን፣ ያዩናል።

ልጅዎ
ከባሕር ዳር