ደብዳቤ ለልጄ፦ ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም አይቀባም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ቀለም አስቀቡበት ብለሽ የላክሽው ብር ደርሶናል። ተባረኪ። ዘንድሮ ግን ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱን ውሃ ስላጥለቀለቀው ቀለሙ ለበዓሉ አይደርስም። ለምን እንደሆነ በስልክ ተጣድፌ ከምነግርሽ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

የፈነዳው መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው አሮጌው የብረት ቧንቧ ነው። የቀየረልን ሠራተኛ ቆርጦ አሳየን፤ ዝገት በልቶት ስስ ሆኗል። ውሃ እዚህ አዳማ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ተራችን ደርሶ ሲለቀቅ ባዶ ቧንቧ ውስጥ ያለውን አየር እየገፋ በኃይል ነው የሚመጣው። የዛገ ቧንቧ ያን ግፊት አይችለውም። የመጣው ደግሞ ሌሊት ነው። ስንነቃ ውሃው ሳሎን ደርሷል።

አባትሽ በቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄደው መዝጊያውን ዘጉ። ከሮቶው የሚወርደውንም ዘጉት። የከተማው ውሃ ብቻ ቢዘጋ ሮቶው ባዶ እስኪሆን ድረስ መፍሰሱ አይቀርም ነበር። መብራቱን ከውጭ፣ ከቆጣሪው ላይ አጠፋነው። ይህን በደንብ ያዢልኝ፦ ውሃ ውስጥ ቆመሽ ማብሪያም ሆነ ሶኬት እንዳትነኪ። ማጥፊያው ጋ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ግድ ከሆነ ተዪውና የመብራት ባለሙያ ጥሪ። ዕቃው ይበላሽ።

ጎረቤት ሁሉ መጥረጊያና ባልዲ ይዞ ደረሰልን። የዋንዛው ቁም ሳጥን ተርፏል፤ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው በሮቹን ከፍተን ጥላ ውስጥ አቆምነው። የቺፑዱ ቡፌ ግን እግሩ አብጦ ተፈረካከሰ። ቺፑድ አንዴ ውሃ ከጠጣ አይመለስም። የታችኛውን የስፖንጅ ፍራሽም ጣልነው፤ ላዩ ቢደርቅ እንኳ ውስጡ ይሻግታል። ፍሪጁን ሞተሩ በኩል ውሃ ስለነካው ባለሙያ ሳያየው አልሰካነውም።

አንጀቴን የበላው አልበሙ ነው። ቡፌው ታችኛ መሳቢያ ውስጥ ነበር። የክርስትናሽ፣ የምርቃትሽ፣ የአያትሽ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። እርጥብ ፎቶዎች እንደተደራረቡ ከደረቁ ይጣበቃሉ፤ ላላቅቅ ስትዪ ምስሉ አብሮ ይላጣል። ስለዚህ ገና እርጥብ እያሉ አንድ በአንድ ለየኋቸው። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅኳቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘረጋኋቸው። አልጠረግኳቸውም፣ ፀሐይም አላወጣኋቸውም። ያልደረስኩባቸውን በፌስታል ጠቅልዬ ጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩ። በረዶ ውስጥ ሻጋታ አያገኛቸውም፤ ጊዜ ሳገኝ እያወጣሁ አደርቃቸዋለሁ። የአያትሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ዳር ዳሩ ደብዝዟል። ፊታቸው ግን ምንም አልሆነም፤ ስልሽ ደስ እያለኝ ነው። የቤቱ ካርታ ከላይ ስለነበር አልነካውም።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ። ብሎኬቱም ልስኑም ውሃውን ጠጥተውታል። በእጅሽ ስትዳስሺው ደረቅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። አሁን ስቱኮና ፕላስቲክ ቀለም ብንለጥፍበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከዚያ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ከሥሩም ሻጋታ ያበቅላል። የአባትሽን አስም ታውቂያለሽ፤ ሻጋታ ባለበት ቤት እንዴት ብዬ አስተኛቸዋለሁ? ያበጠውን ልስን አስፍቀን መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ከፍተን እንውላለን። ዝናብ ሲመጣ ብቻ እንዘጋለን።

ከወለሉ ከፍ ብሎ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶበታል። አትደንግጪ፣ ሻጋታ አይደለም። ከሲሚንቶው ውስጥ ውሃው ይዞት የወጣ ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል፤ በውሃ ከታጠበ ግን ተመልሶ ይገባል። ሻጋታ የታየው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥግ ላይ ትንሽ ነው። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ በበረኪና አጸዳሁት። አንቺም ቤት ስታጸጂ በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ኬሚካል ጋር እንዳትቀላቅዪ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

መድረቁን የምናውቅበትን ዘዴ የነገረን ግንበኛው ነው። ንጹሕ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ ይለጠፋል። በማግስቱ ከሥሩ ጠል ከያዘ ገና ነው ማለት ነው። የእኛው እስካሁን ይይዛል። ነሐሴ ስለሆነ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ጥቅምት ሲገባ የአዳማ ነፋስ ይመጣልናል። ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ የእኛን ግድግዳ ማድረቅ አያቅተውም። ያኔ ይቀባል።

ከላክሽው ብር ላይ ግን ፈቃድሽ ከሆነ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ላስቀይርበት። እሱም የዚያው ዘመን ብረት ነው። ሠራተኛው ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ እንቀይረው ብሏል፤ ፒፒአር አይዝግም። ቀለሙ ይጠብቃል፤ ቧንቧው ግን ያስፈራኛል።

አንቺም ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ያውም ፎቅ ላይ ነሽ። ያንቺ ውሃ ከፈሰሰ ከሥርሽ ያሉትን ሰዎች ቤት ነው የሚያበላሸው። የውሃሽ መዝጊያ የት እንዳለ ነገ ፈልጊ። በእጅሽ ዝጊና ክፈቺው፤ ብዙ ጊዜ ያልተነካ መዝጊያ ይነክሳል። ጠንክሮ እምቢ ካለሽ ቤቱን ያከራዩሽን ሰዎች አስቀይሩልኝ በያቸው። ከዚያ ደውዪልኝ። የቧንቧውንም ነገር ያኔ እንጨርሳለን።

እናትሽ፣
አዳማ