ኤምጂቢ (የድሮው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ላይ የቶዮታ ሞተር ለምትገጥሙ

ውድ የባሕር ዳር አባላት፣

ሞተሩን ከኋላ ጎማ ነጂ መኪና፣ ከነካምቢዮው፣ ሞተሩን ከሚቆጣጠረው ኮምፒውተርና ከነሙሉ ሽቦው ጋር ግዙ። ሽቦው የተቆረጠ ሞተር ርካሽ ይመስላል እንጂ ወራት ይበላል።

የሞተር መያዣዎቹን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ በይዱ። የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሺያሉ መግቢያ ትይዩ መሆናቸውን፣ በክሮቼራው (ኃይል ወደ ኋላ በሚወስደው ዘንግ መገጣጠሚያ) ላይ ያለው አንግልም ከ3 ዲግሪ አለማለፉን ከለካችሁ በኋላ ነው ሙሉ ብየዳ የሚመጣው። አለዚያ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ይንቀጠቀጣል፤ ክሮቼራውም ቶሎ ያልቃል።

እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠሩት ኤምጂቢዎች ላይ ከቦዲው ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ወደ ኔጌቲቭ ሳትቀይሩ ኮምፒውተሩን እንዳታገናኙ፣ አደራ! ይቃጠላል። ከሞተሩ ወደ ቦዲውም ወፍራም የማሳ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) ገመድ እሰሩ። ከሌለ የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ በቤንዚን መስጫው ገመድ አልፎ ያቀልጠዋል።

የቀድሞው ፓምፕ ለካርቡራተር የተሠራ ነው። ኢንጀክሽን (ቤንዚን በግፊት የሚረጨው ዘዴ) 3 ባር ገደማ ግፊት ስለሚፈልግ አዲስ ፓምፕ፣ ግፊት የሚችል ጎማና ወደ ታንከሩ የሚመልስ መስመር ያስፈልጋል።

በከተማችን ከፍታ፣ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊት ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙን ሳታረጋግጡ ወደ ጎንደር መንገድ አትውጡ።