ሁዳዴ ሲጋመስ የሚለቀቅ ብድር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ወጣቱ ወደ ግብርና ይግባ የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ታስነብቡናላችሁ። ደግ ነው። ግን የገባውስ እንዴት ሆነ?

የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ከብት ማድለብ ጀምሯል። አንድ በሬ ሰብቶ ለገበያ እስኪደርስ ሦስት ወር ገደማ ይቀለባል። ለፋሲካ የሚሸጥ ከሆነ ጥር ላይ መገዛት አለበት። ብድሩ የተለቀቀላቸው ግን ሁዳዴ ከተጋመሰ በኋላ ነው። በዓሉ ሲደርስ የበሬዎቹ ጎድን ገና ይቆጠር ነበር። የበዓሉ ዋጋ አመለጣቸው። ፉርሽካውና ፋጉሎው ደግሞ በየሳምንቱ ይገዛል።

ለምን ዘገየ? አበዳሪው «የሼድ ቦታ ማስረጃ አምጡ» ይላል። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ «መጀመሪያ ብድር እንደተፈቀደላችሁ ደብዳቤ ይምጣ» ይላል። ግብርናው ዕቅዱን ሳያይ አይጽፍም፤ የሚያየው ባለሙያ ስብሰባ ላይ ነው። ጽሕፈት ቤቶቹ እኮ ጎረቤታሞች ናቸው! ልጆቹ ደብዳቤ ሲያመላልሱ ከረሙ።

ገንዘቡም ሕጉም ጠፍቶ አይደለም። በ2009 ዓ.ም የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቁሟል። በ2015 የወተት፣ የእንቁላልና የመሳሰለውን ምርት ለማሳደግ የሌማት ትሩፋት የተባለ የመንግሥት መርሐ ግብር ተጀምሯል። የ2016ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደር ይፈቅዳል። ይሄ ግን መሬት ላለው ነው። እኛ ክልል፣ አማራ ውስጥ፣ መሬት የተሸነሸነው በ1989 ዓ.ም ነበር። ያኔ ያልተወለደ ልጅ ወይ ይወርሳል፣ ወይ ይከራያል፣ ወይ የእኩል ያርሳል። ምኑን ያስይዝ? አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ማስያዝ ይፈቅዳል። በሬዬን ላስይዝ ያለው ልጅ ግን «ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ» ተባለ።

በነገራችን ላይ፣ ብቻውን መሥራት የሚፈልገውን በግድ ተደራጅተህ ና ማለትስ ምን የሚሉት ነው? ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች በአንድ በሬ ሲጣሉ አይተናል።

ወረዳው የጀማሪዎችን ጉዳይ ከመሬት እስከ ብድር ይዞ የሚጨርስ አንድ ሰው ይመድብ። ወረቀቱን ልጆቹ ሳይሆኑ መሥሪያ ቤቶቹ ይለዋወጡት። የመጀመሪያው ክፍያም ከብቱ ከተሸጠ በኋላ ይሁን። አሁን በሬው በረት እያለ «ወሩ ሞልቷል፣ ክፈሉ» ይባላሉ። ለመኖ የተበደሩትን ብር መልሰው ለዕዳው ይከፍላሉ፣ በሬውም ሳይሰባ ይሸጣል።

አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ሸዋ