ስም ብቻ አትንገሩን፣ ዕድሜውንና ውሉንም ጻፉልን

ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፦

በየዓመቱ ማርች ሲገባ በገጻችሁ ላይ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ዜና ይበዛል። «እገሌ መጣ፣ እገሌ ሄደ፣ እገሌ በዚህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ፈረመ» የሚል ዝርዝር ከፎቶ ጋር ይወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ያለው አንባቢያችሁ ግን አብዛኛው የዝውውር ዜና ማንበብ የለመደው ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ትልቅ ስም ከመጣ ቡድኑ ጠነከረ፣ ትልቅ ስም ከሄደ ቡድኑ ደከመ ብሎ ይደመድማል። በአሜሪካን ፉትቦል ይህ ስሌት አይሠራም። ለዚህም የራሳችን ከተማ ቡድን በ2024 እና በ2025 ከውድድር ውጪ ባሉት ወራት ያደረጋቸው ለውጦች በቂ ማስረጃ ናቸው።

በእግር ኳስ ተጫዋች የሚገዛ ክለብ ለሻጩ ክለብ ገንዘብ ይከፍላል። እዚህ ቡድን ለቡድን የሚሰጠው በአብዛኛው የድራፍት ምርጫ ነው፤ ማለትም ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣቶችን በተራ የመውሰድ መብት። በዚያ ላይ የደመወዝ ጣሪያ አለ። በ2024 ጣሪያው ለእያንዳንዱ ቡድን 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2025 ወደ 279.2 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። በጆሽ ሃሪስ የሚመራው የባለሀብቶች ስብስብ ኮማንደርስን በ2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ብዙ ደጋፊ «አሁንማ ኮከቦችን ይሰበስባሉ» ብሎ ነበር። ካለፈው ዓመት የተረፈን ሂሳብ ማሻገር ይቻላል እንጂ የባለቤቱ ሀብት ጣሪያውን አያሰፋውም።

በ2023 ቡድኑ 4 አሸንፎ 13 ተሸንፏል። ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪውና የማጥቃቱ መሪ) ሳም ሃወል 21 ኳስ በተጋጣሚ ተነጥቋል፤ ኳሱን ሳይለቅ ደግሞ 65 ጊዜ ተይዞ ወድቋል። ሁለቱም ቁጥሮች በዚያ ዓመት ከሊጉ ሁሉ የከፉ ነበሩ። አሠልጣኙ ሮን ሪቬራ ተሰናበቱ፤ አዳም ፒተርስ ከሳን ፍራንሲስኮ በጄኔራል ማኔጀርነት፣ ዳን ክዊን ከዳላስ በዋና አሠልጣኝነት መጡ። ያን ጊዜ ከሄዱት መካከል ኬንዳል ፉለር፣ ካምረን ከርልና ከርቲስ ሳሙኤል ይገኙበታል። ሦስቱም ለቡድኑ ዘወትር የሚሰለፉ ነበሩና ዝርዝሩን ብቻ ያየ ሰው ቡድኑ ፈረሰ ቢል አይፈረድበትም።

የመጡት ሰዎች ውል ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ላይንባከሩ ቦቢ ዋግነር፣ ታይት ኤንዱ ዛክ ኤርትዝ፣ ተጠባባቂው ኳርተርባክ ማርከስ ማሪዮታ፣ ሴፍቲው ጄረሚ ቺን፣ ዲፌንሲቭ ኤንዱ ዳንቴ ፋውለር ሁሉም የፈረሙት ለአንድ ዓመት ነበር። የሦስት ዓመት ውል የተሰጠው ገና በጉልበታቸው ላሉት ነው፦ ለፍራንኪ ሉቩ፣ ለሴንተሩ ታይለር ቢያዲሽ፣ ለዶራንስ አርምስትሮንግ። በተጨማሪም ቢያዲሽ፣ አርምስትሮንግና ፋውለር ከክዊን ጋር ከዳላስ የመጡ ናቸው፤ ዋግነር በሲያትል በክዊን ሥር ተጫውቷል፤ ኤርትዝ ደግሞ የዚያን ጊዜውን የማጥቃት አሠልጣኝ ክሊፍ ኪንግስበሪን ከአሪዞና ያውቃቸው ነበር። የጨዋታውን ስልት ለሌሎቹ የሚያስረዱ ሰዎች አስቀድመው ተመርጠዋል ማለት ነው። ፋውለር በዚያ አንድ ዓመት 10.5 ሳክ (የተጋጣሚን ኳርተርባክ ኳሱን ሳይለቅ መጣል) አስመዝግቦ ወደ ዳላስ ተመለሰ፤ ዋሽንግተንም ዕዳ አልቀረበትም።

ዕዳ የምለው ደጋፊው በጣም የሚሳሳትበትን ነገር ነው። አንድ ተጫዋች ለ4 ዓመት ሲፈርም 20 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ክፍያ ተሰጠው እንበል። ገንዘቡን ወዲያው ይወስዳል፤ በጣሪያው ሂሳብ ላይ ግን በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ሆኖ ይከፋፈላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቢያሰናብቱት ያልተቆጠረው 10 ሚሊዮን በአንዴ በዚያ ዓመት ሂሳብ ላይ ይወድቃል። ተጫዋቹ የለም፣ ቦታው ግን ተይዟል። ዴድ መኒ የሚባለው ይህ ነው። ስንብቱ ከጁን 1 በኋላ እንደሆነ ተደርጎ ከተመዘገበ 5 ሚሊዮኑ በዚህ ዓመት፣ የቀረው 5 ሚሊዮን በሚቀጥለው ይቆጠራል፤ አንድ ቡድን አስቀድሞ በዚህ መልክ ማሰናበት የሚችለው በዓመት ሁለት ተጫዋች ብቻ ነው። ስለዚህ «የ60 ሚሊዮን ዶላር ውል» የሚል ርዕስ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ምን ያህሉ ዋስትና አለው፣ በስንተኛው ዓመት ላይ ያለ ብዙ ዕዳ ማሰናበት ይቻላል የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

የድራፍት ምርጫ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ከአንድ ሰንሰለት ማየት ይቻላል። በኦክቶበር 2023 ሞንቴዝ ስዌት ወደ ቺካጎ ሲሄድ በለውጡ የተገኘው የሁለተኛ ዙር ምርጫ 40ኛ ሆነ። በማርች 2024 ሳም ሃወል ከ102ኛውና ከ179ኛው ምርጫ ጋር ወደ ሲያትል ተላከ፤ በምትኩ 78ኛውና 152ኛው መጡ። በድራፍቱ ጊዜ ፒተርስ 40ኛውን፣ 78ኛውንና 152ኛውን ለፊላደልፊያ ሰጥቶ 50ኛውን፣ 53ኛውንና 161ኛውን ተቀበለ። በ50ኛው ኮርነርባኩን (የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ የሚከታተል ተከላካይ) ማይክ ሴይንሪስቲልን፣ በ53ኛው ቤን ሲኖትን፣ በ161ኛው ዶሚኒክ ሃምፕተንን ወሰደ። ቼስ ያንግን ለሳን ፍራንሲስኮ በመስጠት የተገኘው 100ኛ ምርጫ ደግሞ ሪሲቨሩን (የተወረወረ ኳስ ተቀባዩን) ሉክ ማካፍሪን አመጣ። ሴይንሪስቲል በመጀመሪያ ዓመቱ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ፤ ሲኖት ግን በዚያ ዓመት እምብዛም ኳስ አልደረሰውም። ሁሉም ምርጫ አይሰምርም፤ ለዚህ ነው ብዛቱ የሚያስፈልገው። በ2024 ዋሽንግተን የመረጣቸው 9 ወጣቶች ነበሩ።

ከእነዚያ ዘጠኙ የመጀመሪያው በ2ኛው ምርጫ የመጣው ጄይደን ዳኒየልስ ነው። ብዙ ልጆቻችን 5 ቁጥር ማሊያውን ለብሰው የሚሮጡለት ይህ ወጣት በመጀመሪያ ዓመቱ 3,568 ያርድ ወርውሮ 25 ተችዳውን አስቆጠረ፤ በእግሩ የሮጠው 891 ያርድ ደግሞ ለአዲስ ኳርተርባክ የሊጉ ክብረ ወሰን ሆነ። ቡድኑ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ በጥሎ ማለፉ ታምፓ ቤይን 23 ለ20፣ ዲትሮይትን 45 ለ31 ረትቶ ለኮንፈረንስ ዋንጫ ደረሰና በፊላደልፊያ 55 ለ23 ተሸነፈ። የዳኒየልስ የ4 ዓመት ውል በድምሩ ወደ 37.7 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያው ዓመት ዳክ ፕሬስኮት ከዳላስ ጋር የተስማማው በአማካይ በዓመት 60 ሚሊዮን ነው። የሁለቱ ልዩነት ለሌሎች ተጫዋቾች የሚተርፍ ገንዘብ ነው፤ የሚተርፈው ግን ወጣቱ በመጀመሪያ ውሉ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

በ2025 ይህን ትርፍ ይዘው ትልልቅ ስሞችን ፈለጉ። አስቀድሞ በኖቬምበር 2024 ለኮርነርባኩ ማርሾን ላቲሞር የሦስተኛ፣ የአራተኛና የስድስተኛ ዙር ምርጫ ሰጥተው እርሱንና አንድ የአምስተኛ ዙር ምርጫ ተቀብለው ነበር። በማርች 2025 ለሌፍት ታክሉ (በግራ በኩል ኳርተርባኩን ለሚጠብቀው) ላሬሚ ተንሲል የ2025 ሦስተኛና ሰባተኛ ዙር፣ የ2026 ሁለተኛና አራተኛ ዙር ወጣ፤ ከሂዩስተን ከተንሲል ጋር የመጣው አንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ነው። ለዲቦ ሳሙኤል የአምስተኛ ዙር ምርጫ ሄደ። ጃቮን ኪንሎ ለ3 ዓመት በ45 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ዋግነርና ኤርትዝ ተመለሱ፤ ጁላይ ላይ ቮን ሚለር ተጨመረ። በድራፍቱ የቀረላቸው 5 ምርጫ ብቻ ነበር፦ 29ኛ፣ 61ኛ፣ 128ኛ፣ 205ኛና 245ኛ።

ውድድሩ ሲጀመር ዋግነር 35፣ ሚለር 36 ዓመታቸው ነበር፤ ኤርትዝም 35 ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ራኒንግ ባኩ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው) ኦስቲን ኤክለር በሁለተኛው ሳምንት የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። አርምስትሮንግ በጉልበት ጉዳት ወጣ። ኖቬምበር 2 ከሲያትል ጋር በተደረገው ጨዋታ ዳኒየልስ የግራ ክርኑ ወለቀ፤ በዚያው ምሽት የላቲሞር የጉልበት ጅማት ተበጠሰ፣ ማካፍሪም የአንገት አጥንቱ ተሰበረ። ዳኒየልስ በዓመቱ የተሰለፈው በ7 ጨዋታ ብቻ ነው። ቡድኑ 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ።

ወጣቶቹም ስለተጎዱ ሁሉንም በዕድሜ ማሳበብ ትክክል አይደለም። ዕድሜ የሚታየው ከጉዳቱ በኋላ ነው። ተሰላፊው ሲወጣ የሚተካው በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሠለጠነ የሦስተኛና የአራተኛ ዙር ልጅ ነው። ምርጫዎቹ ለስም ከተለወጡ ተተኪው ሌላ ቡድን ያሰናበተው ሰው ይሆናል፤ ስልቱን የሚማረውም በውድድር መሀል ነው። ገጻችሁ በማርች 2025 ይህን ቢጽፍ ኖሮ በዲሴምበር ደጋፊው ያን ያህል ግራ ባልተጋባ ነበር።

የተንሲልን ለውጥ ግን እደግፋለሁ። ወጣት ኳርተርባክ ያለው ቡድን የማያየውን ጎኑን የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገዋል። ዋጋው ሲነገር ጆሽ ኮነርሊም አብሮ ይነሣ። በ29ኛው ምርጫ የመጣው ኮነርሊ በኦሪገን የተጫወተው በግራ ነበር፤ ግራውን ተንሲል ስለያዘው ወደ ቀኝ ተዛወረ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ወደ ኋላ የሚረግጠው እግር ይቀየራል፤ ከውጭ የሚመጣውን አጥቂ ቀድሞ የሚመታው እጅም ይቀየራል፤ ለዓመታት የለመደውን አቋቋም ገልብጦ መማር አለበት። እንዲህ ያለ ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢበለጥ «ምርጫው ከሸፈ» ብሎ መጻፍ ችኮላ ነው። የሚፈረደው በሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ቡድኑም በመጀመሪያ ዙር ስለመረጠው አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው።

ቴሪ ማክሎሪን ከ2020 እስከ 2024 በተከታታይ በየዓመቱ ከ1,000 ያርድ በላይ የተቀበለ ሪሲቨር ነው። በኦገስት 2025 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የ3 ዓመት ማራዘሚያ ሲፈርም ሴፕቴምበር ላይ 30 ሊሞላው ነበር። አሁንም ከቡድኑ ቀዳሚ ተቀባይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ከሥሩ ወጣት ሪሲቨር ካልተኮተኮተ የውሉ የመጨረሻ ዓመት ይከብዳል። በሌላው ጫፍ ጄከሪ ክሮስኪ-ሜሪትን ተመልከቱ፦ በ245ኛው ምርጫ፣ በመጨረሻው ዙር የተገኘ ራኒንግ ባክ። ቡድኑ ብራያን ሮቢንሰንን በኦገስት ለስድስተኛ ዙር ምርጫ ለሳን ፍራንሲስኮ የሰጠው ይህን ልጅ በልምምድ አይቶ ነው። በራኒንግ ባክ ቦታ ርካሽ ወጣት ቶሎ ይገኛል፤ በታክልና በኮርነርባክ ግን አይገኝም። ስለ ራኒንግ ባክ ስንብት ትልቅ ርዕስ የምትሰጡትን ያህል ስለ ተጠባባቂ ታክል ብትጽፉ ለአንባቢው ይጠቅመዋል።

ስለ ኦገስትም ልጨምር። በአሽበርን የልምምድ ካምፕ የሚጀምሩት 90 ተጫዋቾች ወደ 53 ይቀነሳሉ። አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የተቆጠረለት ተጫዋች ሲሰናበት ወዲያው ነፃ ነው። ከዚያ በታች ያለው ግን ዌቨር ላይ (ሌሎች ቡድኖች በተራ ሊወስዱት በሚችሉበት ዝርዝር) ይወጣል፤ ባለፈው ዓመት ይበልጥ የተሸነፈው ቡድን ቅድሚያ አለው። ማንም ካልወሰደው የራሱ ቡድን በፕራክቲስ ስኳድ (ከ53ቱ ውጪ ባለው የልምምድ ቡድን) ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ «ተሰናበተ» ያላችሁት ልጅ በማግስቱ ተመልሶ ልምምድ ላይ ሊታይ ይችላል፤ አንባቢው ዜናው ውሸት ነበር ብሎ ያስባል። የቡድን ግንባታም በዚያ ቀን አያልቅም። በ2024 የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ኳስ መቺው ሁለት ሲስት ኮማንደርስ ኦስቲን ሳይበርትን አስፈረሙ፤ እርሱም በሚቀጥለው ሳምንት ኒው ዮርክ ጃየንትስ ላይ 7 ፊልድ ጎል (እያንዳንዱ 3 ነጥብ) መትቶ 21 ለ18 ሲያሸንፉ ሁሉንም ነጥብ ብቻውን አስቆጠረ። ያ ፊርማ በብዙ ጋዜጦች በአንድ መስመር ያለፈ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ ቦታ አይወስድም። ከእያንዳንዱ የፈራሚ ስም አጠገብ ዕድሜውን፣ የውሉን ዓመትና ዋስትና ያለውን ገንዘብ አስፍሩ። በለውጥ የመጣ ከሆነ የትኛው ምርጫ እንደወጣበት ጻፉ። ድራፍቱ ሲቃረብ ቡድኑ በእጁ ስንት ምርጫ እንደቀረው በአንድ ሣጥን አውጡ። ከዳኒየልስ ጋር በተያያዘ ደግሞ አንድ ቀን ከወዲሁ መዝግቡ፦ በሊጉ ደንብ መሠረት ውሉን ማራዘም የሚቻለው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ፣ ማለትም ከ2026 ውድድር በኋላ ነው። ያን ጊዜ የደመወዝ ሂሳቡ ሁሉ ይለወጣል፤ እስከዚያ የሚፈረመው የሦስትና የአራት ዓመት ውል ሁሉ ከዚያ ቀን ጋር እየተነጻጸረ ቢዘገብልን እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የገጻችሁ አንባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ